በእናት በኩል

ኅዳር 4

ከልጄ ጋር በአንድ ክፍል ትሠሪ ለነበርሽው፣

እንደምን ሰነበትሽ? የማጽናኛ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መልሱ የዘገየው ንቄሽ አይደለም። እኔ የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ እጄም ከእስክሪብቶ ይልቅ የካውያ እጀታ ነው የለመደው።

ወሬው እንዴት እንደደረሰኝ ጠይቀሻል። ሐሙስ ቀን ነበር። በሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ እየተኮስኩ ነበር። እዚያ ማሽኖቹ ስለሚጮኹ እርስ በርስ የምንነጋገረው እየጮኽን ነው። አለቃችን ገባችና ማሽኖቹን አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። አሥራ አራት ዓመት ስሠራ በሥራ ሰዓት ሁሉም ጠፍተው አይቼ አላውቅም። ሰው እንደሞተብኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ማን እንደሆነ ብቻ ነው ያላወቅሁት። "ሴቷ ናት?" አልኳት። "አይደለችም" አለች። "ተመስገን" አልኩ።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አንዷ አይደለችም ሲሉኝ ተመስገን አልኩ። ለአንቺ የምጽፈው ስለማታውቂኝ ይሆናል።

የፖሊሱን ወረቀት በቃሌ ይዤዋለሁ። የጭነት መኪናው ከመጋዘን ግቢ ወደ ኋላ እየወጣ ሳለ ሹፌሩ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ፤ ሟች ዞር አላለም ይላል። ሊያጽናኑኝ ከመጡት ሴቶች አንዷ፣ እንቅልፍ የወሰደኝ መስሏት፣ "ሦስት ጊዜ ተነፍቶበት ዞር ካላለ፣ ዞር ማለት አልፈለገም ማለት ነው" አለች። ሌላዋ "ዝም በይ" አለቻት። ተሳስተሻል ግን አላለቻትም።

እሱ ሁልጊዜ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ወደ ሆቴሉ ይደውልልኝ ነበር። ከግንቦት ወዲህ ተወው። "እማዬ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ተበላሽቷል፤ ደብዳቤ ይሻላል" ብሎ ጻፈ። በዚያ ሁሉ ከተማ አንድ ስልክ ጠፍቶ ነው? ተቀየምኩት። እንደተቀየምኩት ሞተብኝ።

ስለዚህ እጠይቅሻለሁ። ልጄ መኖር ሰልችቶት ነበር? አንቺ በየቀኑ ፊቱን ታዪው ነበር። እውነቱን ጻፊልኝ፤ ክፉም ቢሆን እኔ ነኝ እናቱ።

ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ንገሪኝ። ሰው ሲጠይቀኝ አስተማሪ ነው እላለሁ፤ ምን እንደሚያስተምር ግን አስረድቼ አላውቅም።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ጫማዎቹን ለሚሆኑት ሰው ስጪ። ሸሚዞቹን ላኪልኝ። እንዳታጥቢያቸው።

ሴቷ ልጄ ደህና ናት። ሁላችንም ደህና ነን።

እናቱ

ኅዳር 24

ልጄ፣ እንደምን አለሽ?

ዘጠኝ ገጽ ጻፍሽልኝ፤ የጠየቅሁሽ ግን አንዱም ላይ የለም። ስለ ሥራው ንገሪኝ ብዬሻለሁና ስለ ሥራው ነገርሽኝ፤ በዚህ አልወቅስሽም። በምሳ ሰዓት በታጠፉት አንሶላዎች ላይ ተቀምጬ በቀን አንድ ገጽ አነበብኩ።

ተማሪዎቹ "ጠብታ" ይሉት እንደነበር አላውቅም ነበር። በማይክሮስኮፕ ሊያዩት ቀለሙን የሽንኩርት ልጣጭ ላይ ሲያፈሱ "አንድ ጠብታ ይበቃል! ጠብታ አልኩ እንጂ ባልዲ አልኩ?" ይል ነበር ስትዪኝ ድምፁ መጣብኝና ሳቅሁ። ከዚያች ሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ጓደኞቼ ደንግጠው አዩኝ።

ሰውነት ከሕዋስ እንደተሠራ ሰምቼ ነበር። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስለኝ ነበር፤ እንደ ግድግዳ ጡብ። አንቺ የነርቩ ሕዋስ ከወገብ እስከ እግር ጣት የሚደርስ ክር አለው አልሽ። የጡንቻው ይኮማተራል፤ የቆዳው እየሞተ ይተካል። ቀዩ የደም ሕዋስ ደግሞ ለሸክሙ ቦታ እንዲያገኝ ብሎ ኒውክለሱን አውጥቶ ይጥላል። ኒውክለስ መመሪያው የሚቀመጥበት ክፍል ነው ካልሽ፣ መመሪያውን ጥሎ የሚሠራ ሠራተኛ እኛም ጋ አለ ብዬ ለአለቃችን ነገርኳት። ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አልነገርኳትም።

ባክቴሪያ ኒውክለስ የለውም፤ አንድ ክፍል ብቻ ያለው ቤት ነው፤ መመሪያው እዚያው ወለሉ መሐል ተጠቅልሎ ይገኛል። የእኛ ሕዋስ ግን ክፍል ክፍል ያለው ቤት ነው። ይህ ገባኝ። ማይቶኮንድሪያ የምትዪው ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ለሕዋሱ ጉልበት የሚያዘጋጅለት እሱ ነው፤ ድሮ ድሮ ግን ለብቻው የሚኖር ባክቴሪያ ነበር፤ አንድ ሌላ ሕዋስ ዋጠው፣ ሳይፈጨው ቀረ፣ ሁለቱም በዚያው ተላመዱ። የቅጠሉ አረንጓዴ ነገርም እንደዚሁ ከውጭ የገባ ነው።

ይህን ጮክ ብዬ ለተከራያችን አነበብኩለት። ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ከጓሮ ያለችውን ክፍል ለአንድ ወር ብሎ ገባ፤ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቱ። የቤቱን መብራት የሚያቃናው እሱ ነው፤ ጣሪያውም ሲያፈስ የሚወጣው እሱ ነው።

"ታዲያ እኔ ነኛ!" አለ። "ከእኔ ወዲያ ማይቶኮንድሪያ የት ይገኛል?"

ሴቷ ልጄ፣ ፌንጣ ነው የምንላት፣ "አባባ ሬዲዮ፣ ማይቶኮንድሪያ ግን አያንኮራፋም" አለችው።

"አብረሽው አድረሽ ታውቂያለሽ?" አላት። ቤታችን ትንሽ ሞቅ አለ።

በመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ከቤተሰባችሁ ጆሮው የማይሰማ ሰው አለ ወይ ብለሻል። ለምን እንደጠየቅሽ አልገባኝም። አለ። ታላቅ ወንድሜ ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ኃይለኛ ትኩሳት ያዘው። ሐኪም ቤት አስተኝተው በመርፌ ላይ መርፌ እየወጉ ከሞት መለሱት፤ ጆሮው ግን በዚያው ጠፋ። ትኩሳቱ ወሰደበት። አሁን ጫማ ሰፊ ነው፤ ሰውን ከጫማው ተረከዝ አበላል የሚያውቅ።

ሁላችሁም ደህና ናችሁ ወይ ላልሽው፣ ደህና ነን።

አሁን እኔም እንደ አንቺ ጥግ ላይ በትንሹ ልጻፈው። ልጄ ዞር ያላለው ለምንድን ነው?

እናቱ

ታኅሣሥ 6

ለተከበሩት እናቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ይህን ደብዳቤ አምስት ጊዜ ጽፌ አምስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የቀደድኩት ስለማልኩለት ነው። ለሞተ ሰው የማሉትን ማፍረስ ምን እንደሚባል አላውቅም። ግን "ዞር ያላለው ለምንድን ነው" ያሉት ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ።

ልጅዎ ዞር ያላለው ስላልሰማ ነው። ከግንቦት ጀምሮ ምንም አይሰማም ነበር።

በመጋቢት ታሞ ነበር። ሕመሙ ከሳንባው ነበር፤ ድኖለታል። ሕመሙ ሲለቀው ጆሮው አብሮ ሄደ። "እማዬ እንዳትሰማ" ብሎ አስማለኝ። የሚደውልበት ስልክ አልተበላሸም ነበር። መስማት ያልቻለው እሱ ነው። "ድምፄን ሰምታ፣ እሷ የምትለውን ሳልመልስላት ስቀር ታውቅብኛለች" አለኝ።

ማስተማሩን አላቆመም። ተማሪዎቹ ጥያቄያቸውን ሰሌዳ ላይ ይጽፉለታል፤ እሱ በአፉ ይመልሳል። እኔ ስናገር ከንፈሬን ያነባል። "አትጩኺ፤ ቀስ በይ" ይለኛል። አንድ ቀን ኃላፊያችን ገብቶ በሆነ ነገር ተቆጣና በሩን ደርግሞት ወጣ። ጠብታ ወደ እኔ ዞሮ "ጥሩ ንግግር ነበር?" አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር እስከ መጨረሻው ቀን። መኖር የሰለቸው ሰው አልነበረም። ያን ቀን የወጣው ፖስታ ሊገዛ ነው፤ ለእርስዎ የጀመረው ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከሸሚዞቹ ጋር ልኬዋለሁ።

መኪናው ከኋላው ነው የመጣው፤ ቢሰማ ኖሮ ዞር ይል ነበር።

ጆሮው ለምን እንደጠፋ ለማወቅ ደሙን ወደ አንድ ትልቅ ላቦራቶሪ ልከን ነበር። አንድ ውጤት መጥቷል። እሱ ራሱ ያስተማረኝ የክፍላችን ደንብ አለ፤ ሁለት ጊዜ ያልታየ ነገር እንደታየ አይቆጠርም፣ አይጻፍም። ሁለተኛው እስኪመጣ ስለ ምክንያቱ ምንም አልጽፍልዎትም። እባክዎ አይቀየሙኝ።

ስለ ጤናዎ የጠየቅሁት እንዲያው ለወጉ አልነበረም። አሁንም ልጠይቅዎት፤ ሁላችሁም በእርግጥ ደህና ናችሁ?

የሥራ ባልደረባው

ታኅሣሥ 12

ልጄ፣

ይህን የምጽፈው ሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ነው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

ሸሚዞቹ ደርሰዋል። ደብዳቤውም። ሁለት መስመር ብቻ ነው የጻፈው፤ ምን እንዳለ ለራሴ ልያዘው። ልጄን በዚያችው ደቂቃ ይቅር አልኩት። አንቺን ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ እውነቱን ልንገርሽ። ስድስት ወር ሙሉ ልጄ ባልሰማ ጆሮው ብቻውን ሲሄድ፣ እኔ ስልክ አልደወለም ብዬ እያኮረፍኩ ነበር። እንዲያ ያንሾካሸከችውን ሴትዮ ግን ጠርቼ ነገርኳት። "አልሰማም ነበር" አልኳት። አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም።

እሱን እንዲህ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። በእኛ ቤት ሕመም በደብዳቤ አይጻፍም። እናቴ ናት ያስለመደችን፤ ደብዳቤው እስኪደርስ በሽተኛው ይድናል፣ አንባቢው ግን ያን ቀን ይታመማል ትል ነበር። እኔም ያሳደግኳቸው በዚሁ ነው። ስለዚህ አሁን በእርግጥ ደህና ናችሁ ወይ ስትዪኝ ደንቡን ላፍርሰው።

ደህና አይደለንም። ፌንጣ ታማለች። ከኅዳር በፊት ጀምሮ ትኩሳት እየመጣ ይሄድባታል። ወሬው በደረሰኝ ዕለት "ሴቷ ናት?" ያልኩት ለዚህ ነው፤ ቤት ተኝታ ትቼያት ስለወጣሁ። ደብዳቤሽን ባነበብኩ ማግስት እንደገና አተኮሳት። ወንድሜን ትኩሳት አደነቆረው፤ ልጄም ታሞ ደነቆረ። በዘራችን ትኩሳት ጆሮ ይወስዳል ማለት ነው አልኩ። ጨርቄን ማቄን ሳልል ወደ ሆስፒታል ይዣት በረርኩ። ኩላሊቷን ነው አሉ።

ወጣቱ ሐኪም "ለጊዜው ኪኒን ይበቃት ይሆናል" አለኝ። እኔ "ኪኒን ይዘገያል፤ መርፌ ይሁንላት" አልኩት። "መርፌው እኮ ለከበደ ነው" አለ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ለመንኩት፤ ነርሷም ሰው ሁሉ እያየኝ። የወንድሟን ነገርኩት፤ ደርሶብኛል አልኩት። በመጨረሻ እሺ አለኝ። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ በየቀኑ በአሥር ሰዓት ትወጋለች። አሥር ቀን ነው። ትኩሳቱ ከወዲሁ ወርዶላታል፤ ተመስገን። ጆሮዋን ሳይወስድ ደረስኩበት።

ዛሬ ብቻ ውስጥ ጆሮዬ ያፏጫል ትላለች። "አባባ ሬዲዮ ጣቢያ ሲፈልግ ይመስላል" አለችኝ። ባዶ ሆድ ስለሆነች ነው አልኳት።

አንቺስ ደህና ነሽ? ያንን ሁለተኛ ውጤት አትቸኩዪበት። እኔ ማወቅ የምፈልገውን አውቄያለሁ።

እናቱ

ቴሌግራም፣ ታኅሣሥ 15፣ ረፋድ

የልጅዎ መርፌ ዛሬውኑ ይቁም። ወንድሟን ያደነቆረው መርፌው ነው። በእናት በኩል ይወረሳል። ለሐኪሙ አሳዩ። ደብዳቤ ይከተላል።

ታኅሣሥ 15

ለተከበሩት እናቴ፣

ከቴሌግራም ቤት አሁን መመለሴ ነው። የሆቴሉን ስልክ ቁጥር ስለማላውቅ በፖስታው ላይ ወዳለው አድራሻ ላክሁ። ደርሶ እንደሆነ፣ የዛሬውን አሥር ሰዓት ቀድሞ እንደሆነ አላውቅም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የመጀመሪያው ውጤት የመጣው በኅዳር መጀመሪያ ነው። የወንድምዎን ነገር በጻፉልኝ ቀን መጮህ ነበረብኝ። "በመርፌ ላይ መርፌ" ብለው ጽፈውልኝ ነበር፤ አስምሬበታለሁ፤ አሁንም መስመሩ ከፊቴ አለ። ግን ሁለተኛውን ውጤት ልጠብቅ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ደንቡ ብቻ አይደለም ያስጠበቀኝ። ውጤቱ ከእርስዎ የመጣ ነው ስለሚል ነው። ልጇን የቀበረች እናት ይህን እንዴት ትስማ አልኩ። ሁላችንም ደህና ነን ስላሉኝ ደግሞ ጊዜ ያለኝ መሰለኝ። ሁለተኛው ውጤት ዛሬም አልመጣም።

አሁን ሁሉንም ልጻፍ።

ማይቶኮንድሪያ ባክቴሪያ ነበር ብዬዎት ነበር። ወደ ሕዋሱ ሲገባ የራሱን መመሪያ ይዞ ነው የገባው፤ አብዛኛውን ለኒውክለሱ አስረከበ፣ ጥቂቱን ግን እስከ ዛሬ በእጁ ይዟል። ይህ የእሱ መመሪያ ከአባት አይመጣም። የአባት ዘር የያዘው ማይቶኮንድሪያ እናት እንቁላል ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ ለልጅ የሚደርሰው የእናት ብቻ ነው። እርስዎ ከእናትዎ፣ እሳቸው ከእናታቸው እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። ወንድምዎም ከእናትዎ ተቀብሏል፤ ግን ለልጆቹ አያስተላልፍም።

ለልጅዎ ለሳንባው የተሰጠው መርፌ ባክቴሪያን የሚገድል ነው። ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራበትን ቦታ እየፈለገ ያሰናክላል። ማይቶኮንድሪያም እንደዚያ ያለ የራሱ መሥሪያ አለው። በአብዛኛው ሰው ሁለቱ በዘመን ብዛት መልካቸው ስለተለያየ መርፌው የቤቱን ሰው ከጠላቱ ይለያል። በእናንተ ወገን ግን ከመመሪያው አንድ ፊደል ተለውጣ፣ መልኩን ወደ ጥንት ዘመዱ መልሳዋለች። መርፌው አይለየውም። በጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉት ሕዋሳት ጥቂት ናቸው፤ እንደ ቆዳ አይተኩም። መጀመሪያ ያፏጫል። ከዚያ ይሞታሉ።

ትኩሳት አይደለም እናቴ። ትኩሳት አልነበረም። ለኩላሊት የሚሰጠውም መርፌ ብዙውን ጊዜ የዚሁ ወገን ነው። ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ይኖረዋል።

ይህች ፊደል ጥፋት አይደለችም። ማንም አልመረጣትም። መርፌው ባይመጣ ኖሮ ዕድሜ ልካችሁን ላታውቋት ትችሉ ነበር።

እባክዎ፣ ደርሶ እንደሆነ አንድ ቃል ይጻፉልኝ።

የሥራ ባልደረባው

ታኅሣሥ 26

ልጄ፣

ደርሷል። ጠብቀሽ እንደከረምሽ አውቃለሁ፤ ይቅር በይኝ። ደርሷል ብዬ ልጻፍልሽ አልኩና ገና ምን እንደዳነ ሳናውቅ መጻፍ ፈራሁ።

ቴሌግራሙን የተቀበለው ተከራያችን ነው። ዓይኑ ደካማ ስለሆነ በሬዲዮ መጠገኛ መነጽሩ አነበበው። ከዚያ ከቤት እስከ ሆቴሉ ሮጠ፤ ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ማሽኖቹ ስለሚጮኹ የሚለውን አልሰማሁትም፤ ወረቀቱን ፊቴ ላይ ዘረጋው። "በእናት በኩል" የሚለውን ያነበብኩት እንደዚያ ቆሜ፣ ካውያው በእጄ ላይ እንዳለ ነው። ቴሌግራም ቃል አያለሰልስም። አንዱ የሆቴሉ አንሶላ በካውያው ተቃጠለ።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ትሪውን ይዛ ከአልጋው አጠገብ ቆማለች።

"ሲስተር፣ አትውጊያት!"

"እናቴ፣ የጉብኝት ሰዓት አልደረሰም፤ ይውጡልኝ።"

"አትውጊያት አልኩሽ!"

"እርስዎ አይደሉም እንዴ መርፌ ካልተሰጣት ብለው ኮሪደሩን ሲያምሱ የነበሩት?"

"እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ አትውጊያት የምለውም እኔው ነኝ።"

ቴሌግራሙን አሳየኋት። ወይ ፍንክች። "በቴሌግራም የሚታከም ሰው ዛሬ ገና አየሁ" አለች። ተከራያችን ትንፋሹ ሳይመለስለት በመሐላችን ገባ።

"እህቴ፣ እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። የሚያጨስ ሬዲዮ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ሶኬቱን እነቅላለሁ። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ነው። አንቺም መጀመሪያ ንቀዪው።"

ሳቋ መጣ መሰለኝ። ትሪውን አስቀመጠችና ሐኪሙን ልትጠራ ሄደች።

ፌንጣ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ታያለች። "እማዬ፣ ምን እያላችሁ ነው?" አለችኝ። የምታየው ዓይናችንን አልነበረም፤ አፋችንን ነው።

ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። "ወንድሟ በመርፌው ነው የደነቆረው? በእናት በኩል ሌላ አለ?" አለኝ። ወንድሜን ነገርኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። "ወንድሟ ደነቆረ ሲሉኝ በምን ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ" አለ። ከዚያ ለነርሷ "መርፌው ይቁም" አላት። አምስት ተወግታ ነበር። ስድስተኛውን ነው የቀደምሽው።

መድኃኒቱ ሲቀየር ትኩሳቱ ተመለሰ። ሁለት ቀን አርባ ገባ። በዚያ ሁለት ቀን ቴሌግራምሽን ረገምኩት፤ አንቺንም ረገምኩሽ። ጆሮዋን ላድን ብዬ ነፍሷን ላጣ ነው አልኩ። በሦስተኛው ቀን ላብ አጠመቃትና ለቀቃት።

ትናንት በትንሽ ክፍል አስገብተው፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርገው መረመሯት። ቀጫጭን ድምፆች ጠፍተውባታል። የወፍ ድምፅ፣ የሩቅ ደወል አትሰማም። ፉጨቱም አልለቀቃትም፤ ላይለቅ ይችላል አሉ። የሰው ንግግር ግን ትሰማለች። የእኔን ድምፅ ትሰማለች። ከኋላዋ ቆሜ በስሟ ጠራኋት፤ ዞር አለች። ከክፍሉ ወጥቼ ግድግዳ ይዤ አለቀስኩ። ልጄ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ጥፋቱ የእኔ ነው ብለሻል። ሁለት ጊዜ ያልታየ አይጻፍም ያለው ልጄ ነው፤ በልጄ ደንብ ልቀየምሽ አልችልም። ግን አንድ ነገር ላዝዝሽ። ለመዝገብ ሁለት ጊዜ ጠብቂ፤ ለሰው ግን በአንዱ ተናገሪ። ሰውየው ቢደነግጥ ይደንግጥ።

ጥፋት አይደለም ላልሽው፣ ጭንቅላቴ ተቀብሎታል። ፊደሏን አልመረጥኳትም። መርፌውን ግን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ኪኒን ይበቃል ሲሉኝ መርፌ ብዬ የለመንኩት። ይህን አንቺም ልታነሺልኝ አትችዪም፤ እኔም አልጠይቅሽም።

አሁን ጭንቀቴ ወደ ታናሽ እህቴ ዞሯል። ሦስት ሴቶች ልጆች አሏት። ትናንትናውኑ ሄጄ ነገርኳት። "በዘራቸው ደንቆሮ አለ ልታሰኚብን ነው? እነዚህን ማን ያገባቸዋል?" ብላ በሩን በላዬ ላይ ዘጋችው። ነገም እሄዳለሁ።

እናቱ

ጥር 20

ልጄ፣

ሁለተኛው ውጤት ከፊተኛው ጋር አንድ ሆኖ መምጣቱን፣ የላክሁልሽ የእኔ ደምም ያንኑ ማሳየቱን ጽፈሽልኛል። አልደነገጥኩም። ተማሪዎቹ የሚያነቡትን በራሴ እጅ ጽፌ ብልክልሽ በክፍሉ በር ላይ እንደምትለጥፊው ብለሽኛል። ስምንት ቀን ፈጀብኝ። ስህተቱን አታርሚው፤ ጠብታ የፊደል ስህተቴን ለምዶታል።

ይህን ለምታነቡ ሁሉ፣

እኔ የአስተማሪያችሁ እናት ነኝ። ልጄ ስለ ሕዋስ ያስተምራችሁ ነበር። እኔ የተማርኩት እሱ ከሞተ በኋላ፣ ከባልደረባው ደብዳቤ ነው።

ወደ ቤታችሁ ስትገቡ እናታችሁን አንድ ነገር ጠይቁልኝ። በእሷ በኩል፣ በእናቷ፣ በአክስቶቿ፣ በአጎቶቿ፣ ታሞ መርፌ ተወግቶ ጆሮው የጠፋ ሰው አለ ወይ በሏት። ትኩሳት ነው ትላችሁ ይሆናል። እኛም አርባ ዓመት ሙሉ ትኩሳት ነው ስንል ኖረናል። ካለ፣ ሐኪም መርፌ ከማዘዙ በፊት ንገሩት። መርፌ አትወጉ አላልኩም። ወንድሜን ከሞት ያተረፈው ያው መርፌ ነው፤ ብዙ ሰውም ያድናል። ንገሩት ነው የምለው፤ እሱ ሌላ ይመርጣል።

እህቴ በሩን ሦስት ጊዜ ዘጋችብኝ። በአራተኛው እኔ አልሄድኩም፤ ደከመኝ። ባለፈው ማክሰኞ ግን እሷው ሦስቱን ልጆቿን አሰልፋ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣች። እንፋሎቱ ውስጥ ቆመው ያስላሉ። "የምትዪውን ለእነሱ ንገሪያቸው፤ እኔ መናገር አቃተኝ" አለችኝ። አለቃችን ማሽኖቹን አጠፋችልኝ። ነገርኳቸው። ትንሿ "ታዲያ እኔ ስወልድ ለልጄም እሰጠዋለሁ?" አለችኝ። "አዎ፤ ማስጠንቀቂያውንም አብረሽ ትሰጪዋለሽ" አልኳት።

በቤታችሁ ታሞ የሚደብቃችሁ ካለ፣ እንዳይጨንቃችሁ ብሎ ነው፤ አትቆጡት፣ ግን አትተዉት። እናንተም ከደበቃችሁ ንገሯቸው። ጭንቀት ሰው አይገድልም፤ እኔ ይኸው ተጨንቄ አለሁ።

አሁን የምለምናችሁ ለልጄ ነው። ትዕግሥቱን ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ካልገባችሁ አሥር ጊዜ ያስረዳችሁ ነበር፤ ሳይሰማ እንኳ ያስተማራችሁ ስለሚወዳችሁ ነው። እናቱን ላለማስጨነቅ ብቻውን ብዙ ተሸክሟል። እኔ ይቅር ብዬዋለሁ፤ እግዚአብሔርም ያጠፋውን ሁሉ ይቅር ብሎ፣ ከደጋጎቹ ጋር እንዲያሳርፈው ጸልዩለት። በየእምነታችሁ፣ በምታውቁት ቃል ይሁን። ቃል ከጠፋባችሁ "ነፍሱን አሳርፍ" ይበቃል። እኔ በየቀኑ እለዋለሁ፤ ግን ብቻዬን ስለው ድምፄ ያንስብኛል። አግዙኝ።